በእሸት ወራት ሕፃናትን ከወባ ለማዳን

ነሐሴ ተገባዶ ጳጉሜን ሲቃረብ በብዙው የአገራችን ቆላና ወይና ደጋ የበቆሎው ማሳ አበባውን ያወጣል። ከአናቱ ያለው ወንዴ አበባ ቢጫ ብናኙን ያራግፋል፤ ከጎኑ የወጣው ጸጉር ይለሰልሳል፤ በክረምቱ ጎታው የተራቆተበት ገበሬም እሸቱ እስኪደርስ ቀን ይቆጥራል። እሸቱ ሲደርስ ከሁሉ በፊት የሚደሰቱት ልጆች ናቸው። ጠብሰውም ቀቅለውም ይበሉታል። ይሁን እንጂ ይኸው የጥጋብ መግቢያ የሆነው ጊዜ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ያለው ማለት ነው፣ ወባ በብርቱ የሚነሣበት ወራትም ነው። ጎታው መሙላት በሚጀምርበት ሰሞን ብዙ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ በንዳድ ይወድቃል።

ንዳዱን ያመጣው እሸቱ ነው የሚል አባባል በገጠሩ ሕዝብ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በልዩ ልዩ ጊዜና በልዩ ልዩ ክፍላተ ሀገር ገበሬዎችን የጠየቁ የጤና አጥኚዎች ይህንኑ መልስ ደጋግመው መዝግበዋል። እሸት በቆሎ የበላ፣ አገዳ የመጠጠ፣ በጠራራ ፀሐይ የዋለ ሰው ይነዳል ይባላል። የጤና ሠራተኞችም አባባሉን ለማረም ብዙ ደክመዋል። ወባን ከሰው ወደ ሰው የምታስተላልፈው አኖፌሌስ የተባለችው ሴቷ ትንኝ እንጂ የሚበላ ነገር አይደለምና ድካማቸው ተገቢ ነው። እምነቱ ከንቱ ወሬ ብቻ ሆኖ ቢቀር ግድ ባልሰጠ ነበር። ነገር ግን ልጇ የተኮሰባት እናት እሸቱን ከልክላ፣ ዳማ ከሴ ጨምቃ አጠጥታ፣ “ምች ነው፣ ያልፍለታል” ብላ ስታሳድረው ያ አንድ ሌሊት የልጁን ዕድል የሚወስን ሊሆን ይችላል።

ሆኖም ገበሬው የተሳሳተው በምክንያቱ እንጂ በዓይኑ ባየው ነገር አይደለም። በቆሎና ወባ በእርግጥ ዝምድና አላቸው። ይህ ሊታወቅ የቻለው በምዕራብ ጎጃም በቡሬ አካባቢ እ.ኤ.አ. በ1998 ብርቱ ወረርሽኝ ከተነሣ በኋላ ነው። የኢትዮጵያን የእርሻ ታሪክ ያጠኑት ፕሮፌሰር ጀምስ ማካን፣ ከኢትዮጵያውያንና ከውጭ አገር የሦስት አጽቂ ተመራማሪዎች ጋር ሆነው የየመንደሩን የወባ ሕሙማን መዝገብ ከበቆሎው ማሳ ስፋት ጋር አስተያዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሲወጣ፣ በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው መንደሮች የታየው የወባ በሽታ መጠን በቆሎ ጥቂት ከሆነባቸው መንደሮች ወደ አሥር እጥፍ የተጠጋ ሆኖ ተገኘ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአገራችን ወባን በአብዛኛው የምታሰራጨው አኖፌሌስ አራቢየንሲስ የምትባለዋ ትንኝ እንቁላሏን የምትጥለው በጥልቅ ወንዝ ውስጥ ሳይሆን ፀሐይ በሚያገኘው ጥቂት ያቆረ ውሃ ላይ ነው። የከብት ኮቴ የረገጠው፣ የመኪና ጎማ ያጎደጎደው፣ ለምርጊት ጭቃ የተቆፈረው ጉድጓድ ሁሉ ይበቃታል። ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው እጭ በውሃው ፊት ላይ የሰፈፈውን ነገር እየበላ ያድጋል። በጓሮ የቆመው በቆሎ ብናኙን በዚያ ውሃ ላይ ሲያራግፍ እጩ ያልጠበቀውን ቀለብ ያገኛል። ብናኙን የበሉት እጮች ካልበሉት ይልቅ በብዛት ይተርፋሉ፤ ፈጥነውም ያድጋሉ፤ ትንኝ ሆነው ሲወጡም ገዘፍ ያሉ ይሆናሉ። የገዘፈችው ትንኝ ደግሞ ዕድሜዋ ይረዝማል። የወባው ተሕዋስ በትንኟ አካል ውስጥ አድጎ ወደ ሌላ ሰው ለመተላለፍ 10 ቀንና ከዚያም በላይ ስለሚፈጅበት፣ ከዚያ በፊት የሞተች ትንኝ ማንንም አታሳምም። በሰው ላይ ጉዳት የምታደርሰው ያረጀችው ናት። እንግዲህ ጥቂት ቀን ዕድሜ መጨመር ማለት ለትንኟ ትንሽ፣ ለመንደሩ ግን ብዙ ነው።

ከዚህም ጋር ተያይዞ አንድ ሌላ ነገር ተስተውሏል። የጥንቱ የአገር በቆሎ አበባውን ቀደም ብሎ ያራግፍ ነበር። እንደ ቢ.ኤች. 660 ያሉት በባኮ የተገኙ ዲቃላ ዘሮች ግን ምርታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ሳለ የሚደርሱት ዘግይተው ነው። በዚህም የተነሣ ብናኛቸው የሚወርደው ዝናቡ ጋብ ብሎ ኩሬው በሚሞቅበት፣ ትንኟም በምትፈላበት ሳምንታት ላይ ይሆናል።

ከዚህ ተነሥቶ በቆሎ አትዝሩ ማለት ስሕተት ይሆናል። በቆሎው የሚመግበው እነዚያኑ ልጆች ነው፤ የተራበ ልጅ ደግሞ በሽታን የመቋቋም አቅሙ ያነሰ ነው። መደረግ የሚገባው በቆሎው ከቤቱ ደጃፍና ከጉድጓዱ አፍ ራቅ እንዲል ነው። በጓሮው ድንች፣ ቃሪያ፣ ጎመን፣ ባቄላ ወይም ሌላ ብናኙ የማያስቸግር ተክል ቢተካ፣ በቆሎውም ወደ ዋናው ማሳ ቢወሰድ ገበሬው የሚያጣው ነገር የለም። የጓሮ መሬት ፍግ ስለሚያገኝ በቆሎው እዚያ እንደሚያምር የታወቀ ነው። ፍጉን ተሸክሞ ወደ ማሳ ማድረስ ግን ድካም ነውና ምክሩ በአፍ እንደሚነገረው ቀላል አይደለም።

የቤት ምርጊት ጉዳይ ብቻውን ሊታይ የሚገባው ነው። አዲሱን ዓመትና መስቀልን ለመቀበል ሴቶች ግድግዳውን በጭቃና በእበት ያስተካክላሉ። ጭቃው የሚወጣው ከቤቱ አጠገብ ካለ ጉድጓድ ሲሆን፣ ጉድጓዱ ሳይደፈን ይቀርና የመጨረሻው ዝናብ ይሞላዋል። በላዩ ደግሞ በቆሎ ይቆምበታል። ለትንኝ ከዚህ የተሻለ ቤት ሊሠራላት አይችልም። ሁለተኛው ጉዳት በግድግዳው ላይ ነው። ትንኟ ደም ከጠጣች በኋላ ግድግዳ ላይ ታርፋለችና የፀረ ወባ ርጭት የሚካሄደው በግድግዳው ላይ ነው። ዲ.ዲ.ቲ. ትንኟ ስለተላመደችው ቀርቶ በሌሎች ኬሚካሎች ተተክቷል፤ ዘዴው ግን ያው ነው። የተረጨው ግድግዳ በሳምንቱ ቢመረግ ኬሚካሉ ከጭቃው ሥር ይቀበራል። ስለዚህ ምርጊቱ ከርጭቱ በፊት ቢጠናቀቅ፣ ጭቃ የወጣበትም ጉድጓድ በዚያው ሳምንት ቢደፈን መልካም ነው። እጩ ትንኝ ሆኖ ለመብረር በሞቃት ጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይበቃዋል። ያቆረውን ውሃ በየሳምንቱ ማፋሰስና ማዳፈን ይገባል የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው።

በመስኖ የሚያለሙ ገበሬዎችም ከዚህ አይወጡም። በትግራይ በትንንሽ ግድቦች አጠገብ ባሉ መንደሮችና ከግድብ ራቅ ባሉ መንደሮች ያሉ ሕፃናትን ያነጻጸረና እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣ አንድ ጥናት፣ በግድቡ አጠገብ ያሉት ልጆች በወባ የሚያዙበት መጠን ሰባት እጥፍ መሆኑን አሳይቷል። የጥናቱ ዋና ጸሐፊ ኋላ የዓለም የጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር የሆኑት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ነበሩ። ግድቡ የተሠራው ለእህል ነው፤ በበጋውም ጎመንና ሽንኩርት ያስገኛል። ነገር ግን ከግድቡ ሥር የሚሾልከው ውሃና ያልተጠረገው ቦይ ክረምትና በጋ ሳይለይ ትንኝ ያራባል። ቦይ ጠረጋ የውሃ ቁጠባ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ መታየቱ ቢቀር ይበጃል።

ወባ የቆላ በሽታ ነው ብሎ ደጋው እንዳይዘናጋ የ1950 ዓ.ም. ክረምት በቂ ማስረጃ ነው። በዚያ ዓመት ዝናቡ ከልክ አለፈ፤ ሙቀቱም ከወትሮው ጨመረ። በሽታው ወደ ወይና ደጋው ወጥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. መግቢያ ድረስ ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ያሳመመ ሲሆን፣ 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ተገምቷል። በጣና ዳር ያለው ደንቢያ ክፉኛ ከተጎዱት አንዱ ነበር። ወባ ዓመቱን ሙሉ በማይለይበት አገር ያደጉ ሰዎች ሰውነታቸው በመጠኑም ቢሆን ይለማመደዋል። በአብዛኛው የአገራችን ክፍል ግን ወባ በየወቅቱ የሚመጣና የሚሄድ በመሆኑ፣ አዋቂውም ሕፃኑም ያለ ጋሻ ይያዛል። ከሁሉም ደካማው ሕፃኑ ነው።

ፋልሲፓረም የተባለው ክፉው የወባ ዓይነት በሕፃን ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ፈጣን ነው። ተሕዋሱ ቀይ የደም ሕዋሳትን እየሰባበረ ደሙን ያሳንሳል፤ የተያዙት ሕዋሳትም በአንጎል ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ እየተጣበቁ መተላለፊያውን ይዘጉታል። ጠዋት ሲጫወት የነበረ ልጅ ማታ ይተኩሳል፤ በማግሥቱ ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ በኋላ ራሱን ሊስት ይችላል። ሐኪሞች ትኩሳት በተሰማ በ24 ሰዓት ውስጥ ሕክምና መጀመር አለበት የሚሉት ስለዚህ ነው።

ታዲያ እነዚያ 24 ሰዓታት የሚውሉት በየትኛው ወር ላይ ነው? ጤፉ አረም በሚፈልግበት፣ ቀጥሎም ማሽላው ወፍ ጠባቂ፣ ገብሱም አጫጅ በሚፈልግበት ወር ላይ ነው። አባት በደቦ ጎረቤቱ ማሳ ላይ ነው፤ ቀኑን ቢተው ብድሩ ይቀራል። እናት የአጫጆቹን እንጀራና ጠላ ታሰናዳለች። በጀርባዋ ያዘለችው ልጅ ሰውነቱ ጋል ብሎ ሲሰማት ወደ ጤና ኬላ ለመሄድ ማን ምጣዱን ይዞ ይቆይላት? ወንዙ ገና አልጎደለም፤ መንገዱ ጭቃ ነው። “ዛሬን ይደርና ነገ ገበያም ስለሆነ በዚያው እንወስደዋለን” ይባላል። ይህን ውሳኔ ቸልተኝነት ብሎ መውቀስ ለማንም ይቀላል። ነገር ግን የእናትየው አስተሳሰብ ከሥራው ክብደት የመጣ ነው። ደቦ የሚጠሩ ገበሬዎች፣ በዕድርም ሆነ በማኅበር፣ የታመመ ልጅ ያላት እናት በዚያ ቀን ከድግሱ ሥራ ነፃ ትሁን፤ አንዲት ጎረቤትም ትተካት ብለው ቢስማሙ ከብዙ ስብከት የበለጠ ይጠቅማል።

ጊዜው ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው በአገራችን በራሱ የተረጋገጠ ነው። ከዚሁ ከግድቡ ጥናት ጋር በተቀራረበ ዘመን በትግራይ ወባ በሚበረታባቸው ሁለት ወረዳዎች ዶክተር ገብረየሱስ ኪዳነና ፕሮፌሰር ሪቻርድ ሞሮው አንድ ሙከራ አካሄዱ። ጣቢያዎቹን በሕፃናት ሞት መጠን እያጣመሩ፣ ከየጥንዱ አንዱን በዕጣ መረጡ። በዕጣው በተመረጡት ጣቢያዎች ከመንደሩ የተውጣጡ እናቶች ሠለጠኑ። እነዚህም በተራቸው ጎረቤቶቻቸው የሆኑ እናቶችን የወባን ምልክት እንዲለዩና በጊዜው የሚሠራበትን ክሎሮኪን ወዲያውኑ ለልጃቸው እንዲሰጡ አስተማሩ። ሐኪም አልጨመሩም፤ ሆስፒታልም አልሠሩም። እ.ኤ.አ. ከጥር እስከ ታኅሣሥ 1997 ድረስ ዓመት ሙሉ የተወለደውና የሞተው ሕፃን በየወሩ ተመዘገበ። እናቶች በተማሩባቸው ጣቢያዎች ከነበሩት 6,383 ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት 190 ሞቱ። ባልተማሩባቸው ደግሞ ከ7,294 ሕፃናት 366 ሞቱ። ከሺህ ሕፃን ሲሰላ በአንደኛው 30 ገደማ፣ በሌላው 50 ማለት ነው። የሞቱ መጠን በ40 በመቶ ቀነሰ።

ዛሬ ያንኑ ሙከራ እንዳለ መድገም አይቻልም። ፋልሲፓረም ክሎሮኪንን በመላመዱ አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ1998 ወደ ሌላ መድኃኒት፣ በ2004 ደግሞ ሕዝቡ ኮአርተም እያለ ወደሚጠራው ጥምር መድኃኒት ተሸጋግራለች። ክሎሮኪን አሁን የሚያገለግለው ቫይቫክስ ለተባለው ሁለተኛው የወባ ዓይነት ነው። በመሆኑም በዓይን ምልክት ብቻ አይታከምም። ከጣት ጫፍ በምትወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የወባው ዓይነት ይለያል። ይህንንም በቀበሌው ጤና ኬላ የምትሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታከናውናለች። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ዓ.ም. ወዲህ ከ30,000 የሚበልጡ እነዚህ ሴት ሠራተኞች በየቀበሌው ተመድበዋል። ከትግራይ እናቶች ሥራ የሚወረሰው ኪኒኑ ሳይሆን የርቀቱ ማጠር ነው። እናት ምልክቱን ለይታ በዚያው ቀን ከተነሣች፣ ጤና ኬላውም ክፍት ሆኖ ከጠበቃት፣ ውጤቱ ይገኛል።

መድኃኒቱ በቤት ውስጥ የሚሰጥበት ሥርዓት ብዙ ጊዜ ይዛባልና ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ኮአርተም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ የሚሰጥ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው 8 ሰዓት ቆይቶ፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ጠዋትና ማታ ይሰጣሉ። ከ5 ኪሎ ጀምሮ 15 ኪሎ ያልሞላ ሕፃን በእያንዳንዱ ጊዜ 1 ፍሬ፣ ከ15 ኪሎ ጀምሮ 25 ኪሎ ያልሞላ 2 ፍሬ ይወስዳል። ከ5 ኪሎ በታች የሆነ ጨቅላ ግን በጤና ጣቢያ መታየት አለበት። መድኃኒቱ ከወተት ወይም ቅባት ካለው ምግብ ጋር ሲወሰድ በሰውነት ውስጥ ይበልጥ ይሠራል። ልጁ በአንድ ሰዓት ውስጥ ካስመለሰው ይደገምለታል። የሚከፋው ስሕተት ሁለተኛው ቀን ላይ የሚፈጸመው ነው። ልጁ ትኩሳቱ ለቆት መጫወት ሲጀምር የተረፈው ኪኒን ለሌላ ቀን ተብሎ በሳጥን ይቀመጣል፤ ወይም ለታላቅ ወንድሙ ይከፈላል። በዚህ ጊዜ ሁለቱም በቂ መድኃኒት አያገኙም። ተሕዋሱም ሙሉ በሙሉ ሳይጠፋ ይቀራል።

መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያንቀላፋና ሲጠሩት የማይነቃ፣ መዳፉ የነጣ ወይም ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ የሚል ሕፃን በኪኒን አይታከምም። ከጤና ኬላ በላይ ወዳለው ጣቢያ ወይም ሆስፒታል በአስቸኳይ መወሰድ ይኖርበታል። ቃሬዛ የሚሸከም ጎልማሳ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልግ ስለሆነ መንደሩ ቀደም ብሎ ቢነጋገርበት ይሻላል።

አጎበርን በተመለከተ ምክሩ የታወቀ ነው። የሚረሳው ግን የእሸት ጥበቃ ነው። በቆሎው ሲያሸት ጃርትና ከርከሮ ሌሊት ስለሚመጡ፣ ታዳጊ ወንዶች ልጆች በማሳው መካከል በተሠራው ማማ ላይ ያድራሉ። ቤት ውስጥ አጎበር ተሰቅሎ ታናናሾቹ ተጠልለው ሳለ፣ ጠባቂው ልጅ ትንኝ በሚበዛበት ማሳ ላይ እጅና እግሩ ተራቁቶ ይነጋበታል። ታሞ ሲመለስም ተሕዋሱን ይዞ ወደ ቤት ይገባል፤ ትንኟም ከእርሱ ወስዳ ለሕፃኑ ታደርሳለች። አንድ አጎበር ወደ ማማው ቢሄድ፣ ጋቢም ቢጨመርለት የቤተሰቡ ሁሉ ጥበቃ ነው። አጎበሩን ለእህል መከለያ ወይም ለገመድ ማዋል ደግሞ አልፎ አልፎ ይታያል። ያረጀና የተቀደደ ከሆነ አያስወቅስም፤ በአዲሱ ላይ ሲፈጸም ግን ያስቆጫል።

እነዚህ ነገሮች ያለፈ ታሪክ አለመሆናቸውን የቅርቡ ቁጥር ያስረዳል። ወባ ለብዙ ዓመታት ከቀነሰ በኋላ እንደገና አገርሽቶ፣ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰዎች መታመማቸውና 1,157 መሞታቸው ለዓለም የጤና ድርጅት ተመዝግቧል። በአንዳንድ አካባቢዎች ጦርነቱ ርጭቱንና የአጎበር እደላውን አስተጓጉሏል። ትንኟም ኬሚካሉን እየለመደች ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እና በ2023 ሁለት የሕፃናት የወባ ክትባቶች በሥራ ላይ እንዲውሉ መክሯል። ክትባቱ ግን የተከተበውን ሕፃን ሁሉ ከበሽታው የሚያስጥል ስላልሆነ አጎበሩንና የመጀመሪያዋን ቀን አይተካም።

የመድኃኒቱ ማጓጓዣ ጊዜም ከእርሻው ካላንደር ጋር መታየት አለበት። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ክረምቱ ሳይገባ መድረስ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል፤ ከዘገየ ገበሬው ያማርራል፤ ሹማምንትም ይጠየቁበታል። ለጤና ኬላው የሚሄደው የደም መመርመሪያና ኪኒን ግን ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው በሽታው ከተነሣ በኋላ ነው። በነሐሴ መንገዱ ይቆረጣል፤ ወንዙም ይሞላል። ማዳበሪያውን በግንቦት ወደ ቀበሌው የሚያደርሰው ያው የጭነት መኪና በአንድ ጥግ ሁለት ካርቶን መድኃኒት ጭኖ ቢመጣ፣ በመስከረም ሕፃን አዝላ የምትመጣ እናት ባዶ መደርደሪያ አይጠብቃትም።